ከአፉ ያነሰ ክዳን

አናጢ ነኝ፤ ምስማር እንጂ ቤት መምታት አልችልበት፤
ቃሌ ከልኩ ካነሰ፣ አንባቢዬ፣ ቆይተህ ፍረድበት።

ሽምብጥ፣ ከሱቄ ደጅ፣ መጋዙ በሚጮህበት ሰዓት
«ከድስቱ አፍ ያነሰ ክዳን ሥራልኝ» ብትለኝ፣
አማርኛው ነው፣ አልሁ፣ ማነስና መብለጥ የተምታታባት።

ሂሳኤ ነው ስሟ። ጣና ላይ እምቦጭ ትቆጥራለች፤
ጠዋት በጀልባ ወጥታ ማታ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ትመለሳለች።
ከጃፓን ድረስ ታቅፋ ያመጣችው የሸክላ ድስት አላት፣
ሆደ ሰፊ፣ አጭር፣ ታቹ በእሳት የጠቆረ፣
የእንጨት ክዳኑ ግን ለሁለት ተሰንጥቆ የቀረ።

ለካሁት፤ ሃያ ሁለት። ሃያ አራት አድርጌ ቆረጥሁ፤
የደንበኛን ስሕተት ማረም ሙያ ነው ብዬ ኮራሁ።
መለሰችው።
ሃያ ሁለት አደረግሁት፤ ልክክ፣ ግጥም አለ፤ ትንፋሽ አያሳልፍም።
እጄን አሻሸሁ። እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ «አይሆንም።
አሥራ ስምንት። ጥድ አይሁን፣ ይሸታል። ምስማር አይንካው።»
ዋንዛ መረጥሁ፤ እጀታውን በቦይ አስነከስሁት፤
ልቤ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላመነበትም።

«ድስት ግጣሙን አያጣም» ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግሁት፤
ሽማግሌ ልኬ የሻረግን ሳስጠይቅ አባቷም ያለው ይህንኑ ነው።
ሃያ ሦስት ዓመት ገጥመን ኖርን፤ ትንፋሽ ሳናሳልፍ።
ሲፈላ ግን ክዳን ይዘላል፤ መረቁ ገንፍሎ ከሰሉ ላይ ይፈሳል፤
ቤቱን ጭስ ይሞላዋል፤
ጎረቤት ይሰማል።

ለእራት ጠራችን።
የፎገራ ሩዝ ቀቅላ፣ ሙቁን ድስቱ ውስጥ አሳድራ ነበር፣
እንዳይሰነጠቅ፣ እንዳያፈስ። የሻረግ ወዲያው ገባት፤
«ለካ እናንተም ታሟሻላችሁ!» አለቻት።
«ማሟሸት፣ ማሟሸት» እያሉ ሁለቱም ሲስቁ እኔ ክዳኔን ፈለግሁ፤
ባልዲ ውስጥ ሰጥሞ፣ አብጦ ሳየው ደነገጥሁ።
«አስቀድሞ ውሃ ይጥገብ» አለች፤
«የጠማው እንጨት ወጡን ይጠጣል።»

አስማረ ያጠመደውን አምባዛ ቆራርጣ አነጠፈችው፤
ዝንጅብል፣ ቆንጠር ስኳር፣ ጥቁር የአኩሪ አተር መረቅ፤
ከዚያ ክዳኑን ለቀቀችው።
ወደ ውስጥ ገባ። ድስቱን አልከደነም፤ ዓሣው ላይ ተኛ።
መረቁ በዳር በዳሩ ሽቅብ ወጥቶ የእንጨቱን ሆድ ይነካል፣
ታንኳ ሥር እንደሚመታ ማዕበል ተመልሶ ይወርዳል፤
ይንተከተካል እንጂ አይገነፍልም። እንፋሎቱ መውጫ አለው።
የሻረግ እጇን የምታስቀምጥበት አጣች፤
«አይማሰልም?»
«አይማሰልም። ይፈርሳል።»
ላዩም ታቹም እኩል በሰለ፤ አንድ ቁራጭ አልተሰበረም።
ሲበላ ማንም አልተናገረም።

ኅዳር ላይ ሄደች። ድስቱን ታቅፋ፣ ክዳኑን ለኛ ትታ፤
«ዋንዛው የዚህ አገር ነው» ብላ።
ምስማር ያልነካው ክዳን ወጥ ቤታችን ምስማር ላይ ተሰቀለ፤
የሻረግ በራሷ ድስት ትጥለዋለች፣ ምስሩ ላይ፣ ድንቹ ላይ።
የመረቁ ወዝ ጠርዙ ላይ ቀለበት አስሯል፤ ብታጥበውም አይለቅም።
አሁንም እንጣላለን።
ግን በሩን ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች፤
እኔም ሐይቁ ዳር ደርሼ ስመለስ አላንኳኳም።

ትናንት አንድ ጎረምሳ ክዳን ሊያሠራ መጣ፣
የድስቱን አፍ በሲባጎ ለክቶ፣ ቋጥሮ ይዞ።
ሜትሬን አላነሣሁም።
«ምን ሊበስልበት ነው?» አልሁት።